ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?

በርገር ቀላል ምግብ ነው ይባላል። ሥጋ፣ ዳቦ፣ አንድ ሁለት ቅጠል፣ በቃ። «ቅዳሜ ቤት ኑ፣ በርገር እሠራለሁ» ብለህ ለጓደኞችህ እስክትጽፍ ድረስ እውነት ነው።

ከዚያ ጉድህ ይፈላል። አንዷ እንቁላል አይነካኝ ትላለች። አንዷ ግሉተን በዓይኔ አልይ ትላለች። ሌላዋ ልጇን ይዛ ነው የምትመጣው፤ ልጁ ደግሞ ሰሊጥ አይሆንለትም። አንዱ «ወተት ነክ ነገር አይስማማኝም፤ አይስክሬም ካለ ግን ችግር የለውም» ብሎ ይጽፋል። ጭራሽ መልስ የማይሰጥም አለ። መፍራት እሱን ነው። እሱ የሚናገረው ሰሃኑ ፊቱ ከቀረበ በኋላ ነው።

የኔን አቋም ልንገርህ። ከእነዚህ ሁሉ እንግዶች እውነተኛ አለርጂ ያለበትን የሚያህል የለም። ቁርጥ ያለ ነገር ይነግርሃል። «ኦቾሎኒና ካሹ፤ ሌላው ይቻላል» ይልሃል። ከተጠራጠረ የራሱን ዳቦ በቦርሳው ይዞ ይመጣል፤ አይቀየምህም። አስቸጋሪው ሽንኩርት ስለማይወድ ብቻ «የሽንኩርት አለርጂ አለብኝ» የሚለው ነው። የዚህ ሰው አለርጂ፣ ሽንኩርቱ ክብ ክብ ተቆርጦ፣ በዘይት ተጠብሶ፣ ኩርም ኩርም የሚል ሲሆን በተአምር ይለቀዋል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሰው ያስተናገደ አሳላፊ፣ ቀጣዩ መጥቶ «ሰሊጥ ይገድለኛል» ሲለው በልቡ «አዎ፣ እናውቃችኋለን» ይላል። ባለ ሽንኩርቱ ተደስቶ ቤቱ ገብቷል። ዕዳው የሚተርፈው ለባለ ሰሊጡ ነው።

የወተቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ፍርድ ይፈልጋል። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋውም፣ ወተት ሲነካው ጉሮሮው የሚዘጋውም፣ ሁለቱም «አይስማማኝም» ነው የሚሉህ። የመጀመሪያው ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚሰባብረው ኢንዛይም አንሶት ነው። ለሱ ለወራት የቆየ ጠንካራ ቺዝ ብታደርግለት አብዛኛውን ጊዜ ሰላም ያድራል፤ ቺዙ ሲቆይ ላክቶሱ ተበልቶ ያልቃል ማለት ይቻላል። የሁለተኛው ጠብ ግን ከፕሮቲኑ ጋር ነው። ለሱ «ላክቶስ የሌለው» ተብሎ የተጻፈበት ወተትም ያው ወተት ነው። ስለዚህ ባለ አይስክሬሙን ሳታፍር ጠይቀው። «ወንድሜ፣ ሆድህን ነው ወይስ ትንፋሽህን?» ብዙውን ጊዜ ሆዱን ነው። አይስክሬሙ ቀድሞ አሳብቆበታል።

ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ከሁለቱም ይለያል። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ ሰውነት የራሱን ትንሹ አንጀት ይደበድባል። እዚህ ላይ አስተናጋጁን የሚያሳስተው ነገር አለ። እንግዳዋ ማዕድ ላይ ምንም ላትሆን ትችላለች። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ አመስግና ትሄዳለች። የሚያማት ቤቷ ገብታ ነው። አስተናጋጁ ግን «በላች እኮ! ምንም አልሆነችም!» እያለ ዓመቱን ሙሉ ያወራዋል። በብዙ አገሮች አንድ ምግብ «ግሉተን አልባ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን መያዝ የለበትም። የምናወራው ስለ ፍርፋሪ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ፤ መከራው ያለው እዚያ ነው። የታሸገውን የበርገር ዳቦ አዙረህ ጀርባውን አንብብ። ስንዴ አለ፤ እሺ፣ ዳቦ ነው። እንዲለሰልስ ወተት ገብቶበታል። አናቱ እንዲያብለጨልጭ እንቁላል ተቀብቷል። አኩሪ አተር በዱቄትም በሌሲቲንም ስም ተደብቆ ገብቷል። ከላይ ሰሊጥ ተነስንሷል። ሰሊጡ እዚያ ላይ ምን እንደሚሠራ እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ግማሹ ጭንህ ላይ ይረግፋል፣ ግማሹ ጥርስህ ውስጥ ይቀራል።

ሰሊጥ ከተነሳ የአሜሪካን ዳቦ ጋጋሪዎች ጉድ ሳልነግርህ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ ሰሊጥ ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ምግብ ተባለ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ማሸጊያው ላይ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ሆነ። የባለ አለርጂ ልጆች ወላጆች እልል አሉ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ግን ሂሳብ ሠሩ። ማሽኑን ሙልጭ አድርጎ ማጠብ፣ ሰሊጥ ያለውንና የሌለውን መለየት ወጪ ነው። ታዲያ አንዳንዶቹ ምን አደረጉ? ቀድሞ ሰሊጥ ያልነበረበት ዳቦ ውስጥ ትንሽ የሰሊጥ ዱቄት ጨመሩና «ሰሊጥ አለው» ብለው ጻፉበት። ሕጉ ተከበረ። ልጁ ትናንት ሲበላው የነበረውን ዳቦ ዛሬ ተከለከለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነገሩን እንደማይደግፈው ተናገረ፤ ሕግ ጣሳችሁ ብሎ ሊይዛቸው ግን አልቻለም። እንግዲህ ለልጁ ሲባል የወጣ ሕግ ነው።

ስለዚህ ዳቦውን ተወው። በትልልቅ የሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው። ወይም ሁለት ሰፋፊ እንጉዳይ ጠብሰህ ሥጋውን መሃል አግባው። «አይ፣ ዳቦ ከሌለውማ በርገር አይባልም» ካልክ፣ ራስህ ጋግር። ግሉተን የሌለው ሊጥ ግን እንደለመድከው ሊጥ አይታዘዝም። የሩዝ ዱቄትና የድንች ስታርች የሚያያይዛቸው ነገር ስለሌለ ፕሲሊየም የሚባል የዘር ገለባ ይጨመርበታል። ገለባው ውሃ ሲጠጣ ልሙጥ ጄል ይሆንና የግሉተኑን ሥራ ይሠራል። ሊጡን ማሸት ዋጋ የለውም። ጣትህ ላይ ይጣበቃል፤ በሌላኛው እጅህ ልታላቅቀው ስትል እዚያም ይጣበቃል። በማንኪያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገልብጠው፣ እጅህን አርጥበህ ከላይ ዳሰስ አድርገው፣ ጋግረው። በዚያው ቀን ይበላ። በማግሥቱ ለበር ማቆሚያ ነው።

ሥጋው ጋ ስንደርስ ደግሞ የባለሙያነት በሽታችን ይነሳል። የተፈጨ ሥጋ ብቻውን ከወተትም፣ ከስንዴም፣ ከእንቁላልም ነፃ ሆኖ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል። ንጹሕ ነው። ማን ይተወዋል? «ማያያዣ ይፈልጋል» ተብሎ እንቁላል ይሰበርበታል። «እንዲለሰልስ» ተብሎ የዳቦ ፍርፋሪ ይጨመርበታል። «እንዲርስ» ተብሎ ወተት። ምንም ያልነበረበት ሥጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግማሹን እንግዳ ከማዕድ አስነሳ።

ሥጋ የራሱ ማያያዣ አለው። ሃያ በመቶ ያህል ስብ ያለበትን አስፈጭ። እስክትጠብሰው ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በእርጋታ ክብ አድርገው፤ ጠላት እንዳገኘ ሰው አትጭመቀው። መሃሉን በአውራ ጣትህ ትንሽ ጎድጎድ አድርገው፣ መጥበሻ ላይ እንዳይነፋ። ጨው ውስጡ አትጨምር፤ ፕሮቲኑን ያሟሟውና እንደ ጎማ የሚነጥር ነገር ትበላለህ። ጨው ከውጭ ነው፣ ያውም ልትጠብሰው ስትል። የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶሮ ከሆነ 74 ይድረስ። ያለ ማያያዣ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል ካለ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ይዘፍዝፍ፤ ሲልመጠመጥ በአንድ እንቁላል ፈንታ ይገባል።

ሶሱ ሽምቅ ተዋጊ ነው። ዎርስተርሻየር የሚባለው ጥቁር ሶስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቾቪ የሚባል ዓሣ አለበት። የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው የበሬ ሥጋ እየበላ በዓሣ ይወድቃል። የተለመደው የአኩሪ አተር ሶስ በስንዴ ነው የሚሠራው። ማዮኔዝ እንቁላል ነው። በአውሮፓ ኅብረት የዋና አለርጂ አምጪ ምግቦች ዝርዝር 14 ስለደረሰ ሰናፍጭም ገብቶበታል። ለማዮኔዙ እንኳ መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ፈረንሳዊ የታሸገ ጥራጥሬ ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ እንደሚያረፋ አሳየ። ያ የምንደፋው የሽምብራ ውሃ ማለት ነው። ሦስት ማንኪያው በአንድ እንቁላል ይመነዘራል። ዘይት በቀስታ እያንጠባጠብክ ብትመታው ማዮኔዝ ይሆንልሃል። ጥራጥሬ የማይስማማው እንግዳ ካለህ ግን ከሁሉ በፊት ጠይቀው።

«እንግዲያው ሥጋ የሌለውን በርገር ልግዛና ልገላገል» የሚልም አለ። ሥጋ ስለሌለው የዋህ ይመስላል። ጀርባውን አንብበው። አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴ ግሉተን ወይም ከአተር ፕሮቲን ነው የሚሠራው። ባለ ሴሊያኳ የስንዴ ግሉተኑን ስታይ ተመልሳ የሥጋውን ትጠይቅሃለች።

መልስ ያልሰጠው እንግዳም ይኸው አፉን ከፈተ። «እኔ ቀይ ሥጋ አልችልም፤ መዥገር ነክሶኝ ነው።» ትስቃለህ። አትሳቅ። አልፋ-ጋል ሲንድሮም ይባላል። የአንዳንድ መዥገር ንክሻ ሰውነት የበሬንና የበግን ሥጋ እንዲጠላ ያደርገዋል። ምልክቱም ወዲያው አይመጣም፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ፣ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ለሱ ዶሮ ፍጭለት። ቀድሞ ቢነግርህ ምን ነበረበት፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከምግቡ ይልቅ ግን ሰው የሚወድቀው በዕቃው ነው። ሁሉን ለይተህ፣ ሁሉን አንብበህ ትሠራለህ። ከዚያ አንድ ደግ ሰው «ላግዝህ» ብሎ መገልበጫውን ያነሳል። ባለ ቺዙን ይገለብጣል። የቀለጠው ቺዝ ከመገልበጫው ጫፍ ላይ ክር እየሠራ ይጎተታል። በዚያው መገልበጫ ቺዝ የሌለውን ይገለብጣል። «አይዞህ፣ እሳቱ ይገድለዋል» ይልሃል። እሳት ጀርም ይገድል እንጂ የወተት ፕሮቲን ጀርም አይደለም። ሌላው ሰሊጥ ያለውን ዳቦ በጥፍሩ ፈቅፍቆ «አራግፌልሃለሁ» ብሎ ለልጁ ያቀርባል። ቶስተሩ ውስጥ የከረመ የስንዴ ፍርፋሪ አለ። ስፖንጁንማ ተወው፤ ስፖንጅ የቤቱን ምግብ ሁሉ ታሪክ መዝግቦ ይይዛል። እጅም ቢሆን በሳሙናና በውሃ ነው፤ ሳኒታይዘር ለኦቾሎኒ ምኑም አይደለም። ዘዴው ቀላል ነው። የባለ አለርጂውን ቀድመህ ሥራ፣ በንጹሕ መጥበሻ፣ በንጹሕ መክተፊያ፤ ሸፍነህ አስቀምጥ፤ ደጉን ሰውዬ ሳሎን ቁጭ አድርገው።

ሳሎን ደግሞ አክስቴ አለች። «በኛ ጊዜ አለርጂ የሚባል ነገር የት ነበር?» ትላለች። ቀጥላም ወደ ልጁ ዞር ብላ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ? ባለፈው ቀምሰህ ምን ሆንክ?» ትለዋለች። እትዬን መቆጣት አይቻልም። ስለዚህ የውሻውን ታሪክ እነግራታለሁ። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ የሚባሉ ፈረንሳውያን፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ኔፕቱን ለሚባል ውሻ ከባሕር እንስሳ የተወሰደ መርዝ ጥቂት ወጉት። ምንም አልሆነም። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ያንኑ ያህል ደገሙት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ሪሼ በዚህ ጉዳይ ላይ በሠራው ሥራ በ1913 ኖቤል ተሸለመ። አክስቴ በጥሞና ሰምታኝ «ታዲያ ውሻ ከልጅ ጋር ምን አገናኘው?» አለችኝ። ቢሆንም እጇን ሰበሰበች።

የልጁን እናት ደግሞ የአድሬናሊን መርፌው የት እንዳለ ገና ስትገባ ጠይቃት። አይደብራትም። ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ የአለርጂ ክኒን ፍለጋ መሳቢያ አይከፈትም። አድሬናሊኑ ጭኑ ላይ ይወጋል፣ አምቡላንስ ይጠራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ምንም አለርጂ የሌለበት እንግዳ ነው። ሁሉን ይበላል፤ ጤናውን ይስጠው። ግን ይቀናል። ለሌላው ሁሉ የተለየ ነገር ተሠርቶ ለሱ ሳይሠራ መቅረቱ ሆዱን ይበላዋል። ሁለተኛ በርገሩን በግራ እጁ እንደያዘ ጠረጴዛውን ይዞርና ለብቻው ወደተሸፈነው ሰሃን ይደርሳል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግሉተን የሌለው ዳቦ ነው። የእሷ ነው።»

«እስቲ ልየው።»

የሚያየው በአፉ ነው። ግሉተን የሌለው ዳቦ እሱ ብቻ ነበር። ጎመጠ፣ አኘከ፣ ፊቱን አኮሳተረ። «ደረቅ ነው! ይሄን ነው እንዴ የምትበይው?» አለና ቀሪውን፣ ከሌላው እጁ የስንዴ ፍርፋሪ እያራገፈ፣ ሰሃኗ ላይ መለሰላት።