ለአማካሪነት መድረሴን ማን ይመስክር?

የመከራከሪያው ሐሳብ «የትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን የሚያስብ መምህር ከማመልከቱ በፊት ዝግጁነቱን ራሱ መመዘን ይገባዋል» የሚል ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት በጎንደር ከተማ 22 ዓመት በአማካሪነት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ባለሙያ ናቸው። የሚቃወሙት አዘዞ አካባቢ ባዮሎጂ የሚያስተምሩና በምክር ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በመማር ላይ ያሉ መምህርት ናቸው።

አማካሪው፦

«አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ» ብለው ወደ እኔ የሚመጡ መምህራንን ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «ልጆች ስለምወድ ነው» ይሉኛል። ልጆችን መውደድ ከማንኛውም መምህር የሚጠበቅ ነው፤ የአማካሪነት ፈተናው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከደምቢያ መጥታ እዚህ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ በየሳምንቱ ከቤቷ ስንቅ የሚላክላት የ15 ዓመት ልጅ አንድ ሰኞ ቢሮዎ ገብታ «ስንቁ ቀርቷል፤ ለፋሲካ ስመለስ ሊድሩኝ ነው» ብትልዎ ምን ያደርጋሉ? ሕጉ ግልጽ ነው። ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ያለዕድሜ ጋብቻም በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ልጅቱ ግን ሕግ ለመጠየቅ አልመጣችም። አባቷን ትወደዋለች፤ እንዲታሰርባትም አትፈልግም። የእርስዎም እኅት በ13 ዓመቷ ተድራ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የሚሰሙት የልጅቱን ቃል ነው ወይስ የራስዎን ቁስል?

ስለዚህ ሰው ከማመልከቱ በፊት ብቻውን ተቀምጦ ራሱን ይጠይቅ እላለሁ። ሳላቋርጥና ሳልመክር 10 ደቂቃ መስማት እችላለሁን? የሰማሁትን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቡና ሲጠጣ ሳላነሣው ማደር እችላለሁን? ዐቅሜ የሚያበቃበትን ዐውቄ ልጁን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምልክበትን ጊዜ እለያለሁን? ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል ስገባ፣ የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ቃሌ ገደብ እንዳለው አስቀድሜ ለመንገርስ ድፍረቱ አለኝን? በተማሪ ፊት ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው ገና ሰዓቱ አልደረሰም።

መምህርቷ፦

የክቡር አማካሪውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ድረስ በአክብሮት አነበብሁ፤ እዚያ ላይ ግን ቆምሁ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ሚዛኑ ልናገር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰዋስውና በአመክንዮ ፈተና ከተፈታኞቹ ሁሉ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ተማሪዎች ራሳቸውን ከአማካዩ በላይ አድርገው ገምተዋል፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ደግሞ ደረጃቸውን ከእውነተኛው ዝቅ አድርገው ገምተዋል። ይህ ለእኛ ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የክቡር አማካሪውን ጥያቄዎች ይዞ የሚቀመጠው ደፋር ሁሉንም «እችላለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ጠንቃቃዋ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ራሷን ትጥላለች። አገራችን ይህን ቀድማ ታውቀዋለች። የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ተማሪ ዓመታት ከተማረ በኋላ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል እንጂ ለራሱ «ሊቅ ሆኛለሁ» ብሎ አይመሰክርም።

አሁን ወደ እንባው ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. ከወገራ የመጣ፣ አባቱ ከዘመቻ ያልተመለሰ ተማሪ ነበረኝ። በፈተና ወረቀቱ ላይ ከስሙ በቀር ምንም አልጻፈም። ከክፍል በኋላ ወረቀቱን ይዤ «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ፤ እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መጣ። አማካሪ አልነበርሁም፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያንኳኳው ሌላ በር ግን አልነበረውም። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ለምክር የግድ ያስፈልጋሉ ካላቸው ነገሮች አንዱ የአማካሪው ውስጥና ውጭ አንድ መሆን ነው። የደረቀ ዓይን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አማካሪው፦

እኅቴ ሆይ፣ እንባዎን ለማቃለል አልጻፍሁም፤ ስለ እርስዎም አላውቅም ነበር። ሮጀርስን ግን እስከ ዳር አላነበቡልንም። አማካሪው እውነተኛ ይሁን ሲል በዚያች ሰዓት በውስጡ የሚሆነውን ይወቅ ማለቱ ነው፤ የተሰማውን ሁሉ በተመካሪው ላይ ያፍስስ አላለም። የሚሆነውን ለማወቅ ደግሞ ራስን ከመመርመር ሌላ መንገድ የለም።

ቤተልሔምን ማንሣትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ምስክርነቱ ግን ለእኔ እንጂ ለእርስዎ አይሆንም። ወደዚያ የሚወጣው ተማሪ በየኔታ ፊትና በየሌሊቱ ብቻውን ሲቀጽል ስሕተቱን ደጋግሞ ያገኘ ነው። በመስካሪዎቹ ፊት ለመቆም የሚነሣው አስቀድሞ ራሱን ስላረመ ነው፤ ራሱን ሳይመዝን ስንቁን አሥሮ የወጣ ተማሪ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እርስዎ ሲያለቅሱ ልጁ ምን አደረገ? አባቱን ያጣው ልጅና መምህርቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ማን ማንን አጽናና?

መምህርቷ፦

ክቡር አማካሪው «ገና ሰዓቱ አልደረሰም» ይላሉ። ያ ሰዓት እስኪደርስ በዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ? በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከ2 ሺህ በላይ ተማሪዎች አሉ፤ የአማካሪው መደብ ለዓመታት ክፍት ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪዎች 1 አማካሪ እንዲኖር ይመክራል፤ እኔ ያን ያህል አልመኝም፤ ለ2 ሺሁ 1 ሰው ቢኖር እንኳ ትልቅ ነገር ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ የ2015 ዓ.ም.ን ከወሰዱት ደግሞ 3.2 በመቶ። ቀሪዎቹ ከ100ው 97 ገደማ የሚሆኑት ናቸው። ውጤቱ በስልክ በታየበት ቀን ወደ ቤታቸው ለመግባት ፈርተው ግቢያችን ውስጥ እስኪመሽ የተቀመጡትን ልጆች አይቻለሁ። ለእነዚያ ልጆች «ሰዓቱ የደረሰ ሰው እየተጠበቀ ነው» ይባልላቸው?

ዝግጁነት ይመዘን ከተባለም የሚመዘነው ለምን የሰውየው ልብ ብቻ ይሆናል? ቢሮው የራሱ በር አለው ወይስ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ይጋራዋል? ልጁ ሲገባ የሚያየው ስንት ሰው ነው? ከሁሉም በላይ፣ ጠዋት የልጁን ምሥጢር የሰማው አማካሪ ከሰዓት በኋላ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚፈርድበት ከሆነ፣ ያ ሰው ራሱን ሌሊቱን ሙሉ ቢመረምር ምን ይጠቅማል? ክቡር አማካሪው በ22 ዓመታት ውስጥ የኮሚቴው አባል ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ይህን በጽሑፋቸው አላገኘሁትም።

አማካሪው፦

ለጠየቅሁት መልስ አላገኘሁም፤ የተጠየቅሁትን ግን እመልሳለሁ። አባል ነበርሁ። አንድ ተማሪ ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ሲጭን እያደረ እንደሚማር በቢሮዬ ነግሮኝ ነበር። ኮሚቴው በመቅረቱ ብዛት ሊያሰናብተው ሲል «ይህ ልጅ ምክንያት አለው» ብዬ የነገረኝን ተናገርሁ፤ ልረዳው ብዬ ነው። አባቱ ተጠሩ። አባቱ ልጃቸው እንደሚሠራ አያውቁም ነበር፤ በሰው ፊት አፈሩ። ልጁ ከትምህርት ቤት አልተባረረም፤ በሬን ግን ዳግመኛ አላንኳኳም። ይህን ስጽፍ እኅቴ በእኔ ላይ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ዐውቄ ነው።

በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚመዝነኝ አልጠፋም። ሱፐርቫይዘር በየሴሚስተሩ ይመጣ ነበር፤ መዝገቤን ገልጦ ስንት ተማሪ እንዳነጋገርሁ ይቆጥርና ፈርሞ ይሄዳል። በመዝገቡ ላይ ያ ልጅ «የተረዳ» ተብሎ ሰፍሯል። ስሕተቴን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ዘግይቼ፣ ከኮሚቴው እንድወጣ በጽሑፍ የጠየቅሁትም ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ምስክር ከውጭ ይምጣ የሚሉኝ የትኛውን ምስክር ነው? ወንበሩ ባዶ ነውና ማንም ይቀመጥበት የሚለውን ሐሳብም አልቀበልም፤ ያ ልጅ ወንበሩ ባዶ በሆነለት ይሻለው ነበር።

መምህርቷ፦

«ማንም ይቀመጥበት» አላልሁም፤ ያላልሁትን ባይጽፉብኝ ደስ ይለኛል። ስለዚያ ልጅ የጻፉት ግን እኔ የምለውን ከእኔ ይልቅ አጥርቶ ይናገራል። እርስዎን ከኮሚቴው የሚከለክል ደንብ ቢኖር ኖሮ ልጁ በርዎን ዳግመኛ አለማንኳኳቱ ለእርስዎ ንቃት የሚከፈል ዋጋ ባልሆነ ነበር። የአማካሪነት ማስታወቂያ ሲወጣ «አማካሪው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል አይሆንም፤ በሩ የሚዘጋ የራሱ ክፍል ይኖረዋል» የሚል እስኪጻፍበት ድረስ ትምህርት ቤቱ ራሱ አልተዘጋጀም እላለሁ። መደቡ ሲወጣ አመለክታለሁ፤ ይህንንም ቅድመ ሁኔታ በማመልከቻዬ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሁለት ጊዜ ስለጠየቁኝ ደግሞ ልመልስ። ልጁ «ቲቸር፣ አይዞሽ» አለኝ። ስለ አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ቆመን ብዙ አወራን። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ 9ኛ ክፍል ነበረኝ፤ ገብቼ ማስተማር አልቻልሁም፤ ተማሪዎቹን መጽሐፍ አስከፍቼ እስኪደወል ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ቆየሁ።