የስልክ ላይ አስከሬን መርማሪዎቻችን፣ ኑሩልን!

አገር ያለ እናንተ ምን ይውጣት ነበር? ሰው በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ አምቡላንስ የሚጠራ ይጥፋ እንጂ ቁስሉን አጉልቶ የሚያነሳ አይጠፋም። ፎቶው ከሰፈር ሳይወጣ ደግሞ ከሶፋው ያልተነሳ ሊቅ ውጤቱን ይለጥፋል፦ «ከኋላ ነው የተመታው። ክላሽ ነው። ከአሥር ሜትር አይበልጥም።» የሟች ልብስ እንኳ ገና አልወለቀም።

የልብስ ነገር ከተነሳ፣ አስከሬን የሚመረምሩት ሐኪሞች ለጨርቅ ያላቸው ፍቅር ይገርማል። ጥላሸቱንና ያልነደደውን ባሩድ ሸሚዙ ስለሚያስቀረው፣ እሱን ሳያዩ ስለ ርቀት አፋቸውን አይከፍቱም። ጥላሸት ከተገኘ አፈሙዙ በጣም ቀርቦ ነበር። የባሩድ ፍንጣሪ ቆዳውን ነቅሶት ከሆነ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ከሩቅ ተተኩሶ ይሆናል፣ ወይም ልብስ ከልሎት ይሆናል። ይሆናል፣ ይሆናል! እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ፍርሃት የለም።

«ትንሹ ቀዳዳ መግቢያ፣ ትልቁ መውጫ» የምትሏት ሕጋችሁማ ድንቅ ናት። አፈሙዙ ራስ ቅል ላይ ተለጥፎ ሲተኮስ ጋዙ ከቆዳው ሥር ገብቶ በኮከብ ቅርጽ ይተረትረዋል፤ መግቢያው ከመውጫው ሊሰፋ ይችላል። ጥፋቱ ሕጋችሁን ያላነበበው የቆዳው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ ሲመቱ፣ የፓርክላንድ ሆስፒታል ሐኪሞች የአንገታቸውን ቁስል መግቢያ መስሏቸው ነበር። ለመተንፈሻ ቱቦ ብለው እዚያው ቁስል ላይ ስለቀደዱ፣ ማታ ቤተስዳ የባሕር ኃይል ሆስፒታል አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ደግሞ የጥይት ቀዳዳ መሆኑን ሳይለዩት ቀሩ። ግድያውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት «መውጫ ነው» አለ፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። ምስኪኖች! ያሳሳታቸው በዓይናቸው ማየታቸው ሳይሆን አይቀርም። በፎቶ ቢያዩት ኖሮ ባልተቸገሩ።

ቀለህ ለቅማችሁ ከእጅ ወደ እጅ የምታዞሩትም አልተዘነጋችሁም። ፖሊስ ቀለሁ የወደቀበትን ቦታ ሊለካ፣ የጠመንጃው መርፌ ቀለሁ ላይ የተወውን ምት በማይክሮስኮፕ ሊያስተያይ ይደክም ነበር፤ ቦታውንም አሻራውንም አጥፍታችሁ ገላገላችሁት።

መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎችም ይመርቋችሁ። በሌሊት ተሰባስቦ የእናትን በር ማንኳኳት ቀረላቸው። እሷ ማታውኑ ከእናንተ ገጽ ላይ አይታዋለች፤ ግልጽ እንዲሆንላት መግቢያው በቀይ ተከቦላታል።