ማስተካከያ፦ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ወዴት ይዞራል?

መኪና ወደ ኋላ እየነዱ ስለማቆም ቀደም ሲል በጻፍኩት ላይ «መሪውን ከምትፈልጉት አቅጣጫ በተቃራኒው አዙሩ» ብዬ ነበር። ይህ ስህተት ነው፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትክክሉ እንዲህ ነው። የመኪናው ኋላ የሚሄደው መሪው ወደዞረበት አቅጣጫ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ካዞራችሁ ኋላው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ካዞራችሁ ኋላው ወደ ግራ ይገባል። የተቃራኒው ሕግ የሚሠራው ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ነው፤ እኔም ያደባለቅኩት ሁለቱን ነው።

በተቃራኒው የሚሄደው የመኪናው ፊት ነው። የሚዞሩት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ፣ ኋላው ወደ ቀኝ ሲገባ አፍንጫው ወደ ግራ ይወጣል። በአገራችን የምንነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በቀኝ ጠርዝ ላይ በሁለት መኪኖች መሐል ስትገቡ የፊት የግራው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ ከጎን የሚያልፍ ሞተረኛ ወይም እግረኛ ሊገጭ ይችላል። ለማጅ ሁሉ ዓይኑን ከኋላ አያነሳም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። መሪውን ከማዞራችሁ በፊት የግራ ስፖኪዮ ብቻ አይበቃም፤ አንገታችሁን አዙራችሁ እዩ።

ጎማው ቀጥ ማለቱ ካጠራጠራችሁ፣ ያዞራችሁትን ያህል መልሱ፦ አንድ ዙር ተኩል ወደ ቀኝ ከነበረ፣ አንድ ዙር ተኩል ወደ ግራ። ፍጥነትን በተመለከተ የጻፍኩት አልተለወጠም፤ ከእግር ጉዞ አይብለጥ።