ቶማስ አዴስን ያቆመው ኦፔራው አይደለም

ስለ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቶማስ አዴስ በተጻፈ ቁጥር ቀድመው የሚጠሩት ትልልቆቹ ሥራዎች ናቸው። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በርሚንግሃም ላይ ሳይመን ራትል የመራው የኦርኬስትራ ሥራ «አሳይላ»፣ በ2004 በለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ የታየው ኦፔራ «ቴምፔስት»፣ በ2016 ሳልዝበርግ ላይ የተከፈተው ሌላው ኦፔራ «ኤክስተርሚኔቲንግ ኤንጅል»። በ2000 ለሙዚቃ ድርሰት የሚሰጠውን የግራውማየር ሽልማት ያገኘውም በ«አሳይላ» ነው። ስለዚህ ታሪኩ ሁሌ «ልጅ እግሩ ሊቅ ትልቁን መድረክ ድል አደረገ» እየተባለ ይነገራል። ቤት ግን ከጣሪያ አይጀመርም። ሰውዬው (ስሙ ከእኛው «አዲስ» የሚለየው በአንዲት ፊደል እግር ነው) የቆመው ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ሰው በሚጫወታቸው ሥራዎች ላይ ነው። ዛሬም እነሱ ናቸው ደጋግመው የሚሰሙት።

በ1971 ለንደን ተወለደ። በጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተማረ፤ በ1989 በቢቢሲ የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር በፒያኖ ዘርፍ ሁለተኛ ወጣ፤ በ1992 ከካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚህ ሁሉ ለሥራው የበለጠ የጠቀመው ፒያኖው ይመስለኛል። ድርሰቱን ራሱ የሚጫወት ሰው የሌላውን ደጅ አይጠናም። በ1993 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ብቻውን ፒያኖ ተጫውቶ ሲተዋወቅ ካቀረባቸው አንዱ የራሱ «ስቲል ሶሮዊንግ» ነበር። በዚህ ሥራ የፒያኖው መካከለኛ ክሮች ላይ ብሉ ታክ፣ ያ ወረቀት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ሊጥ መሰል ማጣበቂያ፣ እንደ ቀበቶ አግድም ይለጠፋል። የታፈነው መሀል ደረቅ ኳኳታ ይሰጣል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ድምፆች ግን እንደ ወትሮው ይጮኻሉ። ማጣበቂያው ሲሳሳ ክሩ ይንጫጫል፣ ሲወፍር ድምፁ ጨርሶ ይሞታል፤ በመብራት ሙቀት ሲለሰልስ ደግሞ ክሩ ላይ ቅሪት ይተዋል። አዳራሾች ፒያኗቸውን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ለማዋስ የሚያቅማሙት ወደው አይደለም፤ ያን ቅሪት ከየክሩ የሚለቅመው የእነሱ ቃኚ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። «ቻምበር ሲምፎኒ» 15 ተጫዋች፣ «ሊቪንግ ቶይስ» 14፣ በ1995 ቼልተናም ላይ የታየው የመጀመሪያ ኦፔራው «ፓውደር ሀር ፌስ» ደግሞ አራት ዘፋኝና 15 ተጫዋች። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ለንደን ሲንፎኒዬታን የመሰሉ የአዲስ ሙዚቃ ጓዶች መጠናቸው ይኸው ነው። ሰማንያ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ለአንድ አዲስ ሥራ የሚሰጠው ልምምድ በሰዓት የተቆረጠ ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ያልገባው ነገር እንዳልገባ መድረክ ይወጣል። አራት ሰው ግን ከተስማማ አንዲት ገጽ ላይ አንድ ሳምንት ይከርማል። ብሪታንያ ውስጥ ለመጀመሪያው ምሽት ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ፌስቲቫሉም፣ ሬዲዮውም፣ አዳራሹም «በእኛ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ» ማለት ይወዳል። የሚጠፋው ለሁለተኛው ምሽት የሚከፍል ነው። ኦርኬስትራ ሁለተኛውን ምሽት ቢፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ኖታውን ከአሳታሚው ለዚያው ምሽት ይከራያል። የኳርቴት (የአራት ተጫዋቾች ጓድ) ኖታ ግን እንደ መጽሐፍ ይሸጣል፤ የገዙት አራት ሰዎች ሻንጣቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። በየአገሩ በተጫወቱት ቁጥርም ደራሲው የመብት ድርሻውን ያገኛል።

ይህን ስል ትንሽ ሁሉ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ1991 የጻፈውን «ካች» እንይ። ቫዮሊን፣ ቼሎና ፒያኖ መድረክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክላርኔቱ ውጭ ነው። እየገባ፣ እየወጣ፣ እየተባረረ ይነፋል። ሲነገር ጨዋታ ይመስላል። ድምፅ በሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ስለሆነ 17 ሜትር ርቆ የሚነፋ ሰው 0.05 ሴኮንድ ዘግይቶ ይሰማል። በደቂቃ 120 ምት ላይ አንዲት አሥራ ስድስተኛ ኖታ 0.125 ሴኮንድ ናት፤ እናም መዘግየቱ ግማሿን ሊበላ ምንም አልቀረውም። ነፊው የሰማውን ተከትሎ ከነፋ ደግሞ መዘግየቱ እጥፍ ይሆናል፤ የፒያኖው ድምፅ እሱ ጋ ለመድረስም፣ የእሱ ድምፅ ለመመለስም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በዓይን መሄድ አለበት፤ በሩ ከቫዮሊኒስቱ ደጋን ትይዩ ካልሆነ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። ኮሪደሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ የክላርኔቱ ቅኝት ይወርዳል፤ ተመልሶ ሲገባ ከፒያኖው ጋር አይገጥምም። በየቆመበት የኖታ ማስቀመጫ ማቆም ወይም በቃል መያዝ ግድ ነው።

አዴስ ላይ ያለኝ ቅሬታም የሚነሳው ከዚሁ ከኖታው ነው። በ1996ቱ የፒያኖ ሥራው «ትሬስድ ኦቨርሄድ» ውስጥ 2/6፣ 9/14፣ 5/24 የሚሉ ምቶች አሉ። 2/6 ማለት ሙሉ ኖታ ለስድስት እኩል ተከፍሎ ባሩ (ሙዚቃው በምት የሚከፈልበት አንዱ ክፍል) ሁለቱን ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ሩብ ኖታ 1 ሴኮንድ ከሆነ፣ ስድስተኛዋ 0.67 ሴኮንድ ትሆናለች። ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ያችን ወደሚያውቃት ወደ ስምንተኛ፣ ማለት ወደ 0.5 ሴኮንድ ሲያስጠጋት ነው። መላው እንዲህ ነው፦ በአንድ እጅ አራት፣ በሌላው ስድስት እኩል ምት ጠረጴዛ ላይ መምታት፤ የስድስቱ ፍጥነት እጅ ውስጥ ሲገባ አራቱን መተው፤ ከዚያ ሁለት መትቶ ወደ ቀጣዩ ባር መዝለል። ብቻውን ለተቀመጠ ፒያኒስት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። በ2000 በጻፈው የፒያኖ ኩዊንቴት ግን አምስት ሰዎች በየራሳቸው ፍጥነት እየሄዱ መገናኘት አለባቸው። ድንቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ደፍሮ የሚነካው ጓድ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው ምሽት የሚጠፋው በገንዘብ እጦት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው።

ለኤመርሰን ኳርቴት የጻፈው፣ በ2011 ካርኔጊ ሆል ላይ የተሰማው «ዘ ፎር ኳርተርስ» ይሻላል። የመጨረሻው ክፍል «ሃያ አምስተኛው ሰዓት» ይባላል፤ ምቱም 25/16 ነው። ችክችካ የለመደ ጆሮ በስድስት መቁጠር አያስቸግረውም፤ ሃያ አምስት ግን አራት ጊዜ ስድስት ሆኖ አንድ ይተርፋል። ከአራቱ አንዱ ሳያውቀው ያችን አንዷን ከዋጣት ቀጣዩን ባር ቀድሞ ይጀምራል፤ ሌሎቹ ሲያሳድዱት ሁሉም ይፈርሳል። ባሩን ትናንሽና እኩል ባልሆኑ ቡድኖች ከፍሎ፣ ጮክ ብሎ ቆጥሮ፣ መሣሪያ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ችግሩ የሚታይ ስለሆነ መድኃኒቱም አለው። በ2021 ለክላርኔቲስቱ ማርክ ሲምፕሰንና ለዲዮቲማ ኳርቴት የጻፈው «አልኬሚያ»ም ሰውዬው ሦስት ኦፔራ ከጻፈ በኋላ እንኳ ወደ አምስት ሰው እንደሚመለስ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ የዞረው ግን በ1994 ኤንዴሊዮን ኳርቴት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው «አርካዲያና» ይመስለኛል። ሰባት አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ስለ ውኃ ናቸው፤ አራተኛው መሀል ላይ የተቀመጠ የሞት ታንጎ ነው። ስድስተኛው «ኦ አልቢዮን» 17 ባር ብቻ ነው፤ ተነጥሎም በኮንሰርት መጨረሻ ሲጫወቱት ይሰማል። ኖታው ለጀማሪ ኳርቴት እንኳ አይከብድም፤ የሚከብደው ቅኝቱ ነው። ሙዚቃው በኢ ፍላት ሜጀር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ መደበቂያ የለውም። ኢ ፍላትም ሆነ ቢ ፍላት ክፍት (ጣት ሳይነካው የሚጮኽ) ክር የላቸውም፤ ሦስተኛዋ ድምፅ ጂ ግን አላት። ቫዮሊን ላይ ያቺ ክር የመጨረሻዋ ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነች በጣት አትስተካከልም። ንጹሕ ሦስተኛ፣ ማለት ከኢ ፍላት እስከ ጂ ያለው ርቀት፣ ከፒያኖው ጠበብ ስለሚል፣ ክፍቷ ጂ ከላይ ሆና ከቅኝቱ ከፍ ያለች ትመስላለች። ቫዮሊኒስቱን «ዝቅ በል» ማለት ዋጋ የለውም፤ ቼሊስቱ ነው ኢ ፍላቱን በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከፍ አድርጎ ከሥር የሚቀበላት።