ባለመኪናው እግረኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለመኪና ለመባል መኪናው መንቀሳቀሱ ግዴታ አይደለም። ግቢ ውስጥ መቆሙ ይበቃል። ጎማዎቹ ወልቀው ብሎኬት ላይ ቢሰቀል፣ ሞተሩ ወርዶ በረንዳ ላይ ቢያድር፣ መሪው ላይ የሕፃን ካልሲ ቢሰጣ፣ ሰፈሩ አንዴ «ባለመኪናው» ካለ ብሏል። እኔ ይህን ማዕረግ ካገኘሁ ወዲህ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምቆመው ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ካየኝ «ምነው፣ መኪናዋስ?» ማለቱ አይቀርም፤ እኔም «ጋራዥ ናት» እላለሁ። ጋራዡ የመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር መሆኑን አልጨምርም።

መኪናዋ ቮልስ ናት። አማርጬ የገዛኋት እንዳይመስላችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀድመው የገቡት አሮጌዎች ሁሉ ቅርስ ሆነዋል። የቪትዝ ዋጋ ሲነገረኝ ለጨዋነት ያህል ጥቂት ያሰብኩ መስዬ ተሰናበትኩ። ኮሮላ ዲኤክስ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ስለ መኪናቸው የሚያወሩት ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እንዲህ እያልኩ ቮልስ ላይ ደረስኩ፤ እዚያም ደላላ ይጠብቀኝ ነበር።

«የአንድ ዶክተር መኪና ናት» አለኝ። «ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ሌላ መንገድ አታውቅም።»

ምንጣፉን ገልጬ ወለሏን ሳይ፣ ዶክተሩ እግራቸውን በቀዳዳው አውጥተው መሬቱን እየገፉ ይሄዱ እንደነበር ጠረጠርኩ። ደላላው ፊቴን አይቶ ወደ ታሪክ ተሻገረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር የማያውቅ የለም። ደላላው ግን በየትኛዋ ቮልስ እንደሆነም ያውቃል። «በዚህችው ነው» አለ፣ ጣሪያዋን መታ መታ አድርጎ። ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1976 ይላል፤ ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው። ይህን ባሳየው «ሊብሬን የሚጽፈው ሰው አይደለም እንዴ?» ብሎ አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው የቮልስ ባለቤቶች ሁሉ ጃንሆይ የተወሰዱት በእነርሱ መኪና እንደሆነ አጫውተውኛል። ለካስ በአጀብ ነው የወጡት።

ቤት ውስጥ ልጠግናት የወሰንኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም ያው ነው። ቮልስ ደግሞ ለድሃ የምትመች መኪና ናት። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የወጣች ስለሆነች፣ እርሷን ፈትቶ የማያውቅ እጅ ያለ አይመስለኝም። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። የምትወስደው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ሞተሩ ከማርሹ ጋር የተያያዘው በ4 ቡሎን ብቻ ስለሆነ፣ ከሥር በክሪክ ደግፎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከሁሉም ደስ የሚለኝ የመስታወት ማጠቢያዋ ነው፤ ውሃውን የሚረጨው ከስኮርታ ጎማው በቀጭን ቱቦ በሚመጣ ነፋስ ነው። መስታወቱ በቆሸሸ ቁጥር ጎማው ይጎድላል። ጀርመኖቹ የእኛን የወር መጨረሻ ሳያውቁት አልቀሩም።

ብሎኬት ላይ ሰቀልኳት ስል አደራ፣ ሥሯ ለመግባት እንዳይሆን። ባለቀዳዳ ብሎኬት ደህና ተሸክሞ ቆይቶ በድንገት ይፈረካከሳል። ሥሯ ስገባ የምደግፋት በወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ነው። ጨዋታ ቢሆንም የሰው ነፍስ ነውና ይህን ሳልናገር ማለፍ አልወደድኩም።

ሞተሩ የወረደ ዕለት ቤቴ የሕዝብ ሆነ። የአዲስ አበባ ወንድ ቡሎን ሲፈታ ከሩቅ ይሰማል። አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይገባል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያታል፣ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» ይላል፤ የሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ ማለቱ ነው። ሌላው ይገባል፤ እርሱም «ጓርኒሲዮኑን አቃጥላለች» ይላል። እንግዲህ የዚህች ሞተር ቴስታታ በቀጥታ ሲሊንደሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በመካከሉ የሚቃጠል ጓርኒሲዮን የለም። ይህን ለማስረዳት ስሞክር በሐዘን አይተውኝ «የድሮዎቹ ናቸው እንጂ የአሁኖቹስ አላቸው» ይሉኛል። የአሁን ቮልስ የትኛዋ እንደሆነች የነገረኝ የለም።

ከአማካሪዎቹ ሁሉ ግን ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር ይለያሉ። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት 0.15 ሚሊሜትር ላይ ለማስተካከል፣ ቅጠል ቅጠል ያለውን የብረት መለኪያ ይዤ እላፋለሁ። እርሳቸው መለኪያውን በጣታቸው ጫፍ ከእጄ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ልጄ፣ በእኛ ጊዜ በጆሮ ነበር።»

ረጅም ካቻቢቴ አነሱ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ በረንዳ ላይ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ቤንዚን የለውም፣ ከወረደም ሰንብቷል። ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» አሉ።

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቴስታታው ሲከፈት ግን የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ ተገኘ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ሞተሯ ከሌላ፣ ከእርሷ በዕድሜ ከምትበልጥ ቮልስ የተወረሰች ናት፤ በእነዚያ ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር ነፋስ ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው እርሱ ነው። ሰፈሬ ግን ይህን ማብራሪያ አልተቀበለም። አሁን ፍሪጅ የተበላሸበትም፣ ቴሌቪዥን የጠፋበትም ጋሼን ነው የሚጠራው፤ ጋሼም ካቻቢቴያቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ ጉሮሮውን አድርቆ አይመክርም። የወጪ መዝገቡን የምትይዘው ባለቤቴ ናት። አንድ ማታ «የመኪና ጥገና» በሚለው ገጽ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማ «ካርቡራተሩ ስኳር ይጠጣል እንዴ?» አለችኝ። ገጹን አየሁት፤ ቡና፣ ስኳር፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ፣ እንደገና ቡና። ከሥር፣ ጥግ ላይ፣ የፍሬን ሸራ የሚል አለ። ያለ ቡና የመጣልን አማካሪ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤታችን ብቻ ነው። ሻይ እየጠጣ በጥቁር ዘይት ለተነከረው እጄ ያዝንልኛል፤ መብራት በጠፋ ሰሞን ግን አይመጣም።

ለመለዋወጫ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ፈልጎ የሚታጣ ነገር የለም፤ የቮልስ ሲሆን ግን ሻጩ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ አባቱም ቮልስ እንደነበራቸው ያጫውታል፣ በመጨረሻም የጨዋታውን ሒሳብ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ስፖኪዮ ይዞ የሚዞር ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁ። መስታወቱ ላይ የታርጋ ቁጥር ተቀርጿል።

«ይኼ የሌላ ሰው አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር የሌላ ሰው ነበረ» አለኝ። መልስ አጥቼ ተመለስኩ።

ስለ አካሏ ብዙ አልናገርም። ላሜራውን ከስቱኮው ለመለየት ማግኔት አስጠጉ ይላሉ። አስጠጋሁ፤ ወደቀ። ሌላ ቦታ አስጠጋሁ፤ ወደቀ። በመጨረሻ በሩ ማጠፊያ አጠገብ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ በደስታ ባለቤቴን ጠራኋት።

የማዕረጉ ዕዳ ግን ከሁሉም ይከብዳል። አከራያችን መጀመሪያ ቡና ጠርተውኝ «ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብለው መረቁኝ፤ በማግስቱ ኪራይ ጨመሩ። መኪና ማቆሚያ ያለው ግቢ ዋጋው ሌላ ነው። «እማማ፣ የቆመች እኮ ናት» ብላቸው «መኪና ማቆሚያ ማለትስ ምን ማለት ነው?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

በእድሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ «መኪና ያላችሁ አባላት ለቀብር ትመዘገባላችሁ» ተባለ። እጄን አላወጣሁም፤ ጸሐፊው ቀና ሳይል ጻፈኝ። ሁኔታዋን በዝርዝር ባስረዳ ሰብሳቢው «አይዞህ፣ እግዚአብሔር አያምጣው እንጂ እስከዚያ ትደርሳለች» አሉ። አልደረሰችም። ለቀብሩ በእግሬ ስለተገኘሁ መኪና ባለማቅረብ ተቀጣሁ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ዘመዴ «ጤፍ ይዣለሁ፣ በመኪናህ ና» ብሎ የደወለ ዕለትማ ላዳ ታክሲ ተከራይቼ ሄድኩ። ዘመዴ ከፊት ገብቶ ሹፌሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በአክብሮት «ሹፌርም ቀጥረሃል?» አለኝ።

ከዚያ የአከራያችን የእህት ልጅ ልታገባ ሆነ። የዘንድሮ ሙሽሮች በቮልስ አጠገብ ካልተነሱ ፎቶ የተነሱ አይመስላቸውም። እማማ ፈቃዴን አልጠየቁም፤ ቀኑን ነገሩኝ። ቄጠማ መጥቶ ብሎኬቶቹ ተሸፈኑ፣ ስቱኮዋ በነጭ ቬሎ ተጋረደ፣ ሞተር የሌለው ጀርባዋ ወደ አጥሩ ዞረ። ፎቶ አንሺው የፊት መብራቱ ካልበራ ሞቼ እገኛለሁ ስላለ ባትሪም ተበድረን ገጠምን። ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ባትሪውን ከመቀመጫው የሽቦ ሞላ የሚለየው ክዳን ደግሞ ከእኔ በፊት ጠፍቷል። ሰው እንዳይቀመጥበት አስጠነቀቅሁ።

ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ ፈገግ እንዳለች፣ የሙሽራው አክስት «እኔስ?» ብለው የፊቱን ወንበር አጥፈው ከኋላ ገቡ። ሰፊ እመቤት ናቸው። በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ሞላው ወረደ፣ የባትሪውን ጫፍ ነካ፣ «ጢስ!» አለ። ከመቀመጫው ጭድ ነጭ ጭስ ቀስ ብሎ እየተንቀለቀለ ወጣና በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ተጠመጠመ። አክስትየዋን በሁለት በኩል ስበን አወጣናቸው፤ እኔ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፤ ጋሼ ካቻቢቴያቸውን ሊያመጡ ሮጡ። ፎቶ አንሺው ግን አንድ ጊዜም እጁን ከካሜራው አላነሳም።

ፎቶው ሲወጣ ከተማ የሚያስቀና ሆነ። ሙሽሮቹ በደመና ላይ የቆሙ ይመስላሉ። በሳምንቱ ሌላ ሙሽራ አስጠየቀች፣ ቀጥሎ ሌላ። እኔ የተጠገነውን ቴስታታ አቅፌ ሞተሩን ልገጥም ስወጣ እማማ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ እንዳትነካት» አሉኝ። «ጥር ነው፤ ሰርግ ነው። ግቢው የእኔ፣ መኪናዋ የአንተ፣ እኩል እንካፈላለን።»

ዋጋውንም ተምነው ነበር፤ በጭስና ያለ ጭስ።