እንዲህ ነው መጾም!

ጾም የሚያውቅ ሕዝብ ማየት የሚፈልግ ሰው ፑኔ ይሂድ። ለትምህርት ሄጄ ሁለት ዓመት በዚያች የሕንድ ከተማ ስኖር ሳይገባኝ የቀረ ነገር ብዙ ነው፤ ጾማቸው ግን በደንብ ገብቶኛል። ገብቶም ወገቤ ላይ ተቀምጧል።

ሂንዱዎች ጨረቃ ስትሞላም ስትጎድልም በአሥራ አንደኛው ቀን የሚጾሙት ኤካዳሺ የሚባል ጾም አላቸው። በዓመት 24 ጊዜ ያህል ይመጣል። ፑኔ ባለችበት በማሃራሽትራ ግዛት ከሁሉም በላይ የሚከበረው በዝናቡ ወራት፣ በሰኔ ወይም በሐምሌ የሚውለው አሻዲ ኤካዳሺ ነው። በዚያ ቀን ሩዝ የለም፣ ስንዴ የለም፣ ምስር የለም፣ ሽንኩርት የለም። ቢጫው ቅመም እርድ እንኳ ከድስት ይታገዳል። ይህን የሰማ የዋህ ሰው «ታዲያ ምን ቀረ?» ብሎ ያዝናል። እኔም በዚሁ የዋህነት ነበር የተከራየሁበትን ቤት እመቤት «አይዞዎት» ያልኋቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው ኩንታል ከማያንስ ድንች ፊት ተቀመጡ። ኩንታሉ ግነት ነው፤ ድንቹ ግን ብዙ ነበር።

እመቤቲቱን እንደ ሠፈሩ ልጆች «ካኩ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። እርሳቸው ደግሞ «ባላ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ካኩ ጾምን በባዶ እጅ የማይቀበሉ ሴት ናቸው። ኤካዳሺ ሁለት ቀን ሲቀረው ካንዴ ናቫሚ የሚባል ቀን አለ፤ የሽንኩርት ቀን ቢባል ያስኬዳል። ከአሻዲ ኤካዳሺ በኋላ ባሉት አራት ወራት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ደበርጃን የማይነኩ ቤቶች አሉ። ለአራት ወር የሚለዩትን ወዳጅ በቃል ብቻ መሸኘት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሽንኩርቱ በሽምብራ ዱቄት እየተለወሰ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ከቂጣው ጋር ይቦካል፣ የተረፈው ጥሬውን ይበላል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውስጥ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ቤተሰቡ ዓይኑን እየጠረገ ይሰናበታል። እኔ ከቅበላ አገር የመጣሁ ሰው ነኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሥጋ ቤት በር ላይ የሚጋፋውን ሕዝብ እያየሁ ስላደግሁ፣ የዚያን ቀን አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሥጋ በል የሆኑት የፑኔ ሰዎች ደግሞ ሽራቫን ከሚባለው የተቀደሰ ወር በፊት ባለችው ጨረቃ አልባ ዕለት ጋታሪ አለቻቸው፤ በሥጋና በመጠጥ ታልፋለች። ስሟን ከመንገድ ዳር ቦይ ጋር የሚያያይዙ ቀልደኞች አሉ፤ አንዳንዱ አክባሪዋ ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነውና።

አሁን ወደ ጾሙ። ጾሙ የሚጀመረው በዋዜማው ማታ፣ ሳቡዳና በመዘፍዘፍ ነው። ሳቡዳና ከካሳቫ ሥር በሚወጣ ስታርች የሚድበለበል ነጭ እንክብል ነው፤ የተበተነ ዶቃ ይመስላል። ካኩ ጠዋት አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣታቸው መካከል ይጫኗታል። ከደቀቀች ጾሙ ይሠምራል፤ መካከሏ ጠጣር ከሆነ ሐዘን ነው። ከዚያ የተቀቀለ ድንች ይጨመራል፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይጨመራል፣ ቃሪያና ከሙን ይጨመራል፣ ተድቦልቡሎ ጠፍጠፍ ይደረግና ዘይት ውስጥ ይጣላል። ሳቡዳና ቫዳ ይባላል። ከውጭ ቀይ፣ ከውስጥ ለስላሳ ሆኖ ስኳር ከተጨመረበት እርጎ ጋር ሲቀርብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰው ለምን በየቀኑ እንደማይጾም ይገርማል።

አንድ ጊዜ ምራታቸው ድምብላል ቅጠል ከትፋ ልትነሰንስ ስትል ካኩ እጇን ያዙ። በዚህ ጉዳይ ቤቶች አይስማሙም፤ አንዳንዱ ለጾም ይፈቅደዋል፣ አንዳንዱ ይከለክለዋል። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። አንዲት የሟች አያት ምስክርነት ተጠቀሰ፣ ስልክ ተደወለ። በመጨረሻ ቅጠሉ ተከለከለ፤ ሕሊናም ዳነ። በክርክሩ መካከል አሥራ አራት ቫዳ ከዘይቱ ወጣ፤ ስለ እርሱ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሃይማኖት እንዲህ በጥቃቅኑ ሲጠበቅ ደስ ይላል።

ጾም በቋንቋቸው ኡፓቫስ ይባላል። ከሳንስክሪት የመጣ ቃል ነው፤ ከአምላክ አጠገብ መቀመጥ እንደ ማለት ይፈታል። ካኩ መቀመጡን አላጓደሉም። ከጠዋት እስከ ማታ ከመጥበሻው አጠገብ አልተነሡም።

ከሁሉ የማደንቀው የአባቶችን ሥርዓት ሳይሸራርፉ መያዛቸውን ነው። ድንቹ፣ ኦቾሎኒው፣ ቃሪያው፣ ካሳቫው፣ አራቱም የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጆች ናቸው፤ ወደ ሕንድ የመጡት ፖርቱጋሎች ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ነው። በማራቲ ቋንቋ ድንች እስከ ዛሬ ባታታ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ስሙን ከነሻጩ ይዞ ገብቷል። ምእመናን በአሻዲ ኤካዳሺ ሰሞን ፓልኪያቸውን፣ ማለትም የክብር ወንበራቸውን፣ ተሸክመው ከአላንዲ ከተማ እስከ መቅደሱ ከተማ ፓንዳርፑር በእግር የሚያጅቧቸው የማሃራሽትራው ቅዱስ ድንያኔሽዋር እ.ኤ.አ. በ1296 ሲያርፉ ከእነዚህ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። ምስኪን! ያለ ሳቡዳና ቫዳ እንዴት እንደጾሙት እግዜር ይወቅ። እህል የማይነካው ጿሚ በሩዝ ፋንታ ባጋር የምትባለዋን ደቃቅ ፍሬ ቀቅሎ ይበላል። ባጋር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ከሣር ወገን የሆነች እህል ናት፤ ግን እስካሁን ማንም አልነገራትም።

ሰሜኖቹም ቢሆኑ አያንሱም። ዱርጋ ለምትባለው ሴት አምላክ በሚጾመው የናቭራትሪ ዘጠኝ ቀን ተራ ጨው ነውር ስለሆነ የድንጋይ ጨው ይበላል። የዚህ ጨው ስመ ጥሩ ማዕድን ኬውራ ያለው ፓኪስታን ውስጥ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 በጎረቤቷ ዕቃ ላይ 200 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በ2025 ደግሞ ጨርሳ አገደችው። የአገሪቱ ባቡር ግን ለጿሚ ተሳፋሪ የተለየ ትሪ ማቅረቡን አልተወም። እኛ የጾም ማኪያቶና የጾም ኬክ የፈለሰፍን ሰዎች ብንሆንም፣ ጾመኛን እስከ ባቡር ወንበሩ ተከትለን በማብላት ገና ነን።

ጤናቸውንም ይጠነቀቃሉ። በየዓመቱ ኤካዳሺ ሲቀርብ ጋዜጦች የሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር ያወጣሉ። በዋዜማው ቀለል ያለ እራት ብሉ፤ ቀኑን ውኃ፣ የኮኮናት ውኃና አሬራ ጠጡ፤ ድንቹን ቀቅሉት እንጂ አትጥበሱት፤ ስትፈቱ በፍራፍሬ ጀምሩና ቀስ በሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከ100 ግራም ደረቅ ሳቡዳና ውስጥ 88 ግራም ያህሉ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ አንድ ግራም አይሞላም፤ ጉልበቱ ግን ወደ 350 ካሎሪ ይጠጋል። ካኩ ይህን ሁሉ መነጽር አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገጹን ትሪ ላይ ዘረጉና ትኩሱን ቫዳ ደረደሩበት። ዘይቱ ወረቀቱን አሳልፎ ምክሩን ከሁለቱም ወገን የሚነበብ አደረገው።

ባላቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጣታቸውን ወግተው መለኪያውን አዩ፤ 240 ይላል። «ጾሙ ነው ያስነሣብኝ» አሉ፣ አምስተኛውን ቫዳ እርጎ እያስነኩ። ማታ ላይ ለቃር የሚበጠበጠውን ዱቄት ጠጡ። ካኩ ቀደም ብለው ገዝተው ከሳቡዳናው ጋር አስቀምጠውት ኖሯል።

በዚያ ቤት ጾም የማያውቁት አንዲት ሰው ብቻ ናቸው፤ የባልየው እናት። አጂ ይሏቸዋል። ሰማንያ ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ወደ ፓንዳርፑር የሚወስደውን ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከመንገደኞቹ ጋር በእግራቸው የሄዱ። ኤካዳሺ ሲመጣ ጥግ ይዘው ጽዋቸውን እያንኳኩ ይዘምራሉ፤ ቀኑን ውኃ ይጠጣሉ፣ ማታ አንድ ሙዝ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ያሳዝናሉ። ካኩ «እልኸኛ ናቸው፤ ስንት ነገር ተሠርቶ!» ይላሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጾም ይፈታል። አንድ ቀን እህል ያልነካ ሰው ቢካስ ማን ይፈርድበታል? በክክና በጃገሪ፣ ማለትም ባልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ የተሞላው ፑራን ፖሊ የሚባል ቂጣ በቅቤ ተነክሮ ይመጣል፣ ሩዙ ይመጣል፣ ምስሩ ይመጣል። ሁሉም እንደ ናፈቀ ዘመድ ይታቀፋል። ማራቲዎች ለዚህ የቆየ አባባል አላቸው፤ «ኤካዳሺ፣ ዱፓት ካሺ» ይላሉ። ኤካዳሺ ነው፣ እጥፍ ትበላለህ እንደ ማለት ነው። የነገሩኝ ራሳቸው ካኩ ናቸው፣ እየሳቁ፣ ሳህኔ ላይ ሦስተኛውን ፖሊ እየጣሉ። «ባላ፣ ትናንት እኮ ጾመሃል!»

እውነትም ጾሜያለሁ። እንግዳ ነኝ ብዬ ከቤቱ ሥርዓት አልተለየሁም፤ በሁለት ዓመት አንድም ኤካዳሺ አላመለጠኝም። ወደ አገሬ ልመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ሱሪዬን ይዤ ከሠፈሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌው ሜትሩን በወገቤ ዙሪያ አሳለፈ፣ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሱሪውን ገልብጦ ስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ጨርቅ መኖር አለመኖሩን በጣቱ ዳሰሰ።

«ካኩ ቤት ነው የምትኖረው?» አለኝ።