ክርክር፦ ቀይ ቀበሮን ወደ ሌላ ተራራ ማዛወር ይገባልን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ የዓለም ሙቀት መጨመር ውርጫማውን ደጋ እያጠበበው ስለሆነ፣ ቀይ ቀበሮን ከባሌ ወስዶ ከዚህ ቀደም ወደጠፋባቸው ተራሮች መመለስ ያስፈልጋል።

ደጋፊ፦
በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እንስሳው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በታች እምብዛም አይታይም፤ የሚመገባቸው ፍልፈሎችና አይጦች የሚበዙት በዚያ ብርዳማ ሜዳ ላይ ነውና። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በግምት 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ የአንድ ዲግሪ ጭማሪ ገብስ የሚበቅልበትን ወሰን ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ሊገፋው ይችላል። መሬት የጠበበው ገበሬ ማረሻውን ይዞ ቢከተል አልፈርድበትም። ቀበሮው ግን የባሌ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ካበቃ በኋላ የሚወጣበት የለውም፤ ወደ ሰሜን ተራሮች እንዳይሻገርም በመካከሉ ስምጥ ሸለቆው ተዘርግቷል። የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌን ሲመታ እንዳየነው፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን ዘር በአንድ ቦታ አስቀምጦ መጠበቅ አደገኛ ነው።

ተቃዋሚ፦
ክቡር ተከራካሪዬ ስለ ሙቀቱ የተናገሩትን አልክድም፤ የምቃወመው መድኃኒቱን ነው። ጎጃም ውስጥ የጮቄን ተራራ እንውሰድ። ቀይ ቀበሮ ከዚያ የጠፋው እርሻውና ግጦሹ መኖሪያውን እየበሉ ስለጨረሱት ነው። ዛሬ ከባሌ ወስደን ብንለቅቀው የሚጠብቁት ያው እርሻ፣ ያው በግና ከመንጋው ጋር የሚመጡ ያልተከተቡ ውሾች ናቸው። ሙቀቱ ቀበሮውን በቀጥታ አይገድለውም፤ የሚገድለው በገበሬው በኩል ስለሆነ፣ መፍትሔውም እዚያው ገበሬው ዘንድ ነው።

ለዚህ ማስረጃዬ በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ሜዳ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ሲደርስ በውል ይከፍተው ነበር፤ የጠባቂዎቹ ትእዛዝም ይከበር ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ኋላ በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ እርሱም ልጆቻቸውን አይነካም፤ በመንጋው መካከል ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ እንደሚቀናው ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ሣሩ ባይጠበቅ ጭላዳውም አይጡም ቀበሮውም አይኖሩም ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም እንስሳ በሣጥን ተጭኖ ሳይመጣ ነው።

ደጋፊ፦
ጓሳ የሚያኮራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላው ተራራ ሁሉ ለዘመናት የቆየ ውርስ የለውም። ማዛወሩም ከባሌ የቀበሮ መንጋዎች ላይ የሚነጥቀው ብዙ አይደለም። በየመንጋው የምትወልደው በአብዛኛው አለቃዋ እንስት ብቻ ስለሆነች፣ ሌሎች ወጣት እንስቶች ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወጥተው ቦታ ይፈልጋሉ፤ ባሌ ግን ስለሞላ ብዙዎቹ በከንቱ ያልቃሉ። እነዚህን መውሰድ ከሞት ማትረፍ ነው። እንስሳው የሰው እጅ አይችልም የሚለውን ስጋትም እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች እግሩ ተሰብሮ የተገኘውና «ተረፈ» የተባለው ወንድ ቀበሮ አቃልሎታል፤ ታክሞ ወደ ዱሩ ተመልሷልና። መጀመሪያም ወደ ጮቄ ሳይሆን ወሎ ውስጥ ወዳለው ደላንታ እንሂድ እላለሁ፤ እዚያ ጥቂት ቀበሮዎች ገና አሉ፤ የሚጎድላቸው አዲስ ደም ነው።

ተቃዋሚ፦
ተረፈ የተመለሰው ወደሚያውቀው ሜዳ ነው፤ ባዕድ ቦታ የሚለቀቅ እንስሳ ግን ጎሬም መንጋም የለውም። ወጣት እንስቶችን ብቻ ብንወስድ፣ ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ስለሚቀሩ፣ አዲሱ ቦታ ላይ ወንድ ያጡ እንስቶች ከውሻ ጋር ሊደቀሉ ይችላሉ፤ በባሌ በወይብ ሸለቆ መዳቀሉ ታይቷል። ደላንታን ያሳነሰውም የሴት እጥረት ሳይሆን የሣር እጥረት ነው። ስለዚህ ቅድሚያው ለውሾቹ ክትባትና ከመንደሮቹ ጋር ለሚደረግ የግጦሽ ውል ይሁን፤ በባሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው፣ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ የሚሰጠው ክትባት በቂ በጀት ያግኝ። ውሻው ተከትቦ ሣሩ ያገገመበትን ተራራ የሚያሳየኝ ካለ፣ ስለ ሣጥኑ ያኔ እንነጋገራለን።